ነጩን አትመኑ፦ የጥንት የጃፓን ጎራዴ ስለት እንዴት ይመረመራል

ጥንታዊ የጃፓን ጎራዴ ከአፎቱ ሲወጣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በስለቱ ዳር በሚሄደው ነጭ ማዕበል ላይ ነው። ብዙ ሰው ያንን አይቶ «ሃሞኑ ይሄ ነው» ብሎ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ነጭ ቅርጽ ቶጊሺ የሚባለው ጎራዴ የሚስል ባለሙያ በስስ ድንጋይ እያሸ ያነጣው ነው። እውነተኛው ሃሞን፣ ማለትም የጠንካራውና የለስላሳው ብረት ድንበር፣ ከሥሩ አለ፤ የሚታየውም መብራቱ፣ ስለቱና ዓይን በትክክለኛው ማዕዘን ሲገናኙ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይብዛም ይነስም ያንን ማዕዘን ስለማግኘትና ከተገኘ በኋላ ምን መፈለግ እንዳለበት ነው።

ብረቱ ውስጥ ምን አለ

የጎራዴው ብረት ታማሃጋኔ ይባላል። ታታራ በተባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ከብረት አሸዋና ከእንጨት ከሰል የሚወጣ ነው። አንጥረኛው ብረቱን እያጠፈ እየቀጠቀጠ ያነጻዋል፤ 15 ጊዜ ቢታጠፍ በስሌት 32,768 ንብርብር ይሆናል። በስለቱ ገላ ላይ የሚታየው የተጠረበ እንጨት የመሰለ መስመር የዚህ እጥፋት አሻራ ነው፤ ሃዳ ይሉታል።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ጭቃ ይቀባል፦ ጀርባውና ገላው ላይ ወፈር ተደርጎ፣ ዳሩ ላይ ስስ ሆኖ። ግሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስስ ጭቃ ያለበት በቅጽበት ይቀዘቅዝና ማርተንሳይት የሚባለውን እጅግ ጠንካራ ቅርጽ ይይዛል። ወፍራም ጭቃ ያለበት ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለስለስ ብሎ ይቀራል። የሁለቱ ድንበር ሃሞን ነው። ከድንበሩ ወደ ጀርባ ያለው ገላ ጂ፣ ከድንበሩ ወደ ዳር ያለው ጠንካራው ክፍል ሃ ይባላል።

ድንበሩ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አይደለም፤ የቅንጣት ክምችት ነው። ቅንጣቶቹ በዓይን አንድ በአንድ የሚለዩ ከሆነ ኒዬ ይባላሉ፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተበተነ ነጭ ጤፍ ይመስላሉ። በጣም ደቅቀው እንደ ጠዋት ጉም፣ ወይም እንደ ፍኖተ ሐሊብ በአንድነት ነጭ ጭጋግ ሆነው ብቻ ሲታዩ ደግሞ ኒዮይ ናቸው። ሁለቱም አንድ ነገር፣ ማርተንሳይት፣ ናቸው፤ ልዩነቱ የቅንጣቱ መጠን ነው። የአንጥረኞቹ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም የአሠራር ወጎች፣ መለያ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የሶሹ አውራጃ አንጥረኞች፣ በዝነኛው አንጥረኛ በማሳሙኔ መንገድ የሄዱት፣ በኒዬ ይታወቃሉ፤ የቢዘን አውራጃ አብዛኞቹ ሥራዎች በኒዮይ።

መብራትና ክፍል

ክፍሉን አጨልሙ። አንድ አምፖል ብቻ ይኑር፤ ክዳንም መጋረጃም አያስፈልገውም። የድሮው ባለ ክር 60 ዋት አምፖል እስካሁን የሚወደደው ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ ነው። ኤልኢዲ ከሆነ ብርሃኑ ሰፋ ካለ ሰሌዳ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ ነጥብ የሚወጣ ምረጡ። ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብርሃኑን በስለቱ ላይ እኩል ስለሚያፈስ ኒዬውን ይውጠዋል። አምፖሉን ከዓይናችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከ1 እስከ 2 ሜትር ፊት ለፊት ስቀሉ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቆር ቢል ይመረጣል።

በእጅ የሚያዝ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽርም አዘጋጁ። ነገር ግን እሱን መጀመሪያ አታንሱት። በአጉሊ መነጽር የጀመረ ሰው ዛፉን እያየ ጫካውን ያጣል፤ መነጽሩ የሚያስፈልገው በዓይን የተጠረጠረን ነገር ለማረጋገጥ ነው።

ማውጣት፣ መያዝ፣ ማጽዳት

ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ። ጎራዴውን የስለቱ ዳር ወደ ላይ ዞሮ ያዙት፤ ጀርባው በአፎቱ ውስጥ እየተንሸራተተ ሳያቋርጥ በአንድ ስበት ይውጣ። ዳሩ ወደ ታች ሆኖ ከተሳበ አፎቱን ከውስጥ ይልጠዋል፤ የተላጠው እንጨትም ስለቱን ይጭራል። ግማሽ መንገድ ላይ ማዞርም እንዲሁ ነው።

ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ አይወራም። ምራቅ ነጥብ ታህል ብትወድቅ እንኳ ዝገት ትተክላለች። በጣት መንካት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ የጣት ላብ አሻራውን ብረቱ ላይ ያትመዋል፣ እሱን ለማስለቀቅ ደግሞ ዳግም መሳል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መሳል ብረት ይበላል።

እጀታው የሚወልቅ ከሆነ ባዶውን ስለት መመርመር ይሻላል። እጀታውን የያዘው ከቀርከሃ የተሠራ ችንካር ነው፤ መኩጊ ይባላል። አንዱ ጫፉ ቀጠን ስለሚል ከቀጭኑ በኩል ግፉት። ከዚያ እጀታውን በግራ እጅ ጨብጣችሁ፣ ስለቱን ወደ ላይ ትንሽ ጋደል አድርጋችሁ፣ የግራ እጃችሁን አንጓ በቀኝ ጡጫ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ስለቱ ከእጀታው ውስጥ እየፈታ ይወጣል። አልወጣ ካለ በመዶሻ አትምቱት፤ ከእጀታው አፍ ጋር የሚገጥም የእንጨት ቁራጭ ተጠቀሙ፤ ካልሆነም ለባለሙያ ተዉት። በጉልበት የተሰነጠቁ እጀታዎች ብዙ ናቸው።

የድሮ ዘይት ያለበት ስለት ምንም አያሳይም። ዘይቱ እንደ ጭጋግ ሸፍኖ ኒዮይን ከኒዬ ያደባልቃል። ጸጉር የማያወጣ ለስላሳ ወረቀት በጀርባው በኩል አጥፋችሁ ያዙና ከሥሩ ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። ወደኋላ መመለስ የለም፤ የጣት መቆረጥም ጭረትም የሚመጣው በመመለሱ ነው። ቀሪውን ቅባት 99 በመቶ ንጹሕ አልኮል ባራሰው አዲስ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አንሱ፤ አልኮሉን ከሞቀ አምፖል አርቁ። በሐር ኳስ የሚመታው ኡቺኮ የሚባል የድንጋይ ዱቄት ልማዱ የቆየ ነው፤ እኛ ግን ጥሩ መሳል ላለው ስለት አንመክረውም። በርካሽ የማጽጃ ሳጥኖች ውስጥ የሚሸጠው ሻካራ ሲሆን ባንድ ቀን የማይታይ ጭረት በዓመታት ገላውን ያደበዝዘዋል።

መጀመሪያ ቅርጹን

ስለቱን ቀጥ አድርጋችሁ በተዘረጋ ክንድ አቁሙት። ርዝመቱ የሚለካው ከጀርባው እርከን (ስለቱ እጀታውን ከሚገናኝበት) እስከ ጫፉ ባለ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ መለኪያው ሻኩ ሲሆን 1 ሻኩ 30.3 ሴንቲሜትር ነው። ከ60.6 ሴንቲሜትር በላይ የሆነው ካታና ወይም ታቺ፣ ከ30.3 እስከ 60.6 ያለው ዋኪዛሺ፣ ከዚያ በታች ታንቶ ነው። ጉብጠቱ የት ላይ እንደሚጠልቅ እዩ፦ ወደ እጀታው ከቀረበ የጥንት ቢዘን ሊሆን ይችላል፤ ቀጥ ወደማለት ካዘነበለና ጫፉ ጠበብ ካለ በካንቡን ዘመን፣ ከ1661 እስከ 1673 ባለው ጊዜ፣ አካባቢ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ነው፤ ወደፊት ብረቱ ያጸድቀዋል ወይ ይሽረዋል።

ዋናው ነገር፦ ማዕዘኑን ማግኘት

ናካጎውን፣ ማለትም በእጀታው ውስጥ የሚገባውን ያልተሳለ ጭራ፣ በቀኝ እጅ ያዙ። በግራ እጅ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ የስለቱን ጀርባ አስደግፉ። አሁን ጫፉን ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው ወደ አምፖሉ ጠቁሙ፤ ከአምፖሉ ጥቂት ዝቅ ይበል። ዓይናችሁ ከናካጎው ወገን ሆኖ ስለቱን ተከትሎ ወደ መብራቱ ይመለከታል።

በገላው ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ እንደ ብሩህ ጠብታ ይታያል። ብሩሁ ጠብታ መሃል ላይ ምንም አይታይም፤ ያሳውራል። ማየት ያለባችሁ የጠብታውን ጠርዝ፣ ብርሃኑ አልቆ ጥላው የሚጀምርበትን ስስ ቦታ ነው። ስለቱን ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩና ጠብታውን ወደ ሃሞኑ አስጠጉት። ድንገት ነጩ ማሸት ይጠፋና ከሥሩ ሌላ መስመር ይበራል፤ የብር ክር ይመስላል፣ ጠርዙ የሚናኝ። ያ እውነተኛው ድንበር ነው። ስሙ ሃቡቺ ነው።

አንዴ ካገኛችሁት ዓይናችሁን ሳይሆን ስለቱን አንቀሳቅሱ። ጫፉን በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ጠብታው ከሥር ወደ ጫፍ ይጓዛል፤ እሱን ተከትላችሁ አንዷን መዳፍ የምታህል ርዝመት እየጨረሳችሁ ሂዱ። ለአንድ ወገን 10 ደቂቃ ብዙ አይደለም። ከዚያ ገልብጡትና ሌላውን ወገን።

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱን ከላይ ወይም ከጎን አድርጎ ስለቱን እንደ መጽሐፍ ከፊቱ ይዘረጋዋል። በዚያ አያያዝ የሚታየው ሃዶሪ የሚባለው ነጭ ማሸት ብቻ ነው። ሃዶሪ በሜጂ ዘመን ጎራዴ በመሳል በሚታወቀው በሆናሚ ቤተሰብ የተስፋፋ የመሳል መንገድ ነው፤ የሃሞኑን ቅርጽ በግርድፉ ተከትሎ ያነጣዋል እንጂ ዝርዝሩን አይከተልም። ከሱ የቆየው ሳሺኮሚ የሚባለው መንገድ ግን ሃሞኑን ራሱን አጉልቶ ይተወዋል። ስለዚህ ቅርንፉድ የመሰለ እብጠት ያለው ሃሞን በነጩ ላይ ለስላሳ ኮረብታ መስሎ ቢታይ አይግረማችሁ።

ቦስተን ወይም ኒውዮርክ ባለ ሙዚየም፣ አልያም ቶኪዮ ሪዮጎኩ በሚገኘው የጎራዴ ሙዚየም ከመስታወት ውጭ የምታዩ ከሆነ ስለቱ አይነቃነቅም፤ የምትነቃነቁት እናንተ ናችሁ። ጉልበታችሁን እያጠፋችሁ ዝቅ በሉ፣ የመብራቱ ጠብታ በሃሞኑ ላይ እስኪያርፍ። ሰዎች በመስታወቱ ፊት ቁጭ ብድግ የሚሉት ለዚህ ነው።

በድንበሩ ውስጥ ምን ይፈለጋል

መጀመሪያ ጥራቱን መዝኑ። ድንበሩ ጠበቅ ያለ ነው ወይስ ሰፋ ያለ? ብሩህ ነው ወይስ የሰመጠ? ጃፓኖቹ ደብዛዛውን ድንበር «እንቅልፋም» ይሉታል፤ ቃሉ ሲታይ ይገባል። ጥሩ አንጥረኛ የሠራው ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ብሩህነት አለው። በአንድ ቦታ ተድቦልቡሎ በሌላው ተራቁቶ የሚታይ ሻካራ ኒዬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለት ነው፤ ሙቀቱ ያልተመጣጠነ መሆኑን ይናገራል።

ቀጥሎ ከድንበሩ ወደ ዳሩ የሚዘረጉ ቀጫጭን መስመሮችን ፈልጉ፤ አሺ፣ «እግር» ይባላሉ። ከድንበሩ ተለይተው በሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጠብታዎች ዮ፣ «ቅጠል» ናቸው። እግሮቹ ለውበት ብቻ አይደሉም፤ በጠንካራው ዳር መሃል ለስለስ ያሉ መቋረጫዎች ስለሆኑ ስለቱ ቢሸረፍ ሽርፈቱ ወደ ጎን እንዳይሮጥ ይገድባሉ።

በኒዬ ሥራዎች ላይ ሌላ ሀብት አለ። ከስለቱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ደጅ ከተጠረገ በኋላ አፈሩ ላይ የሚቀረውን የመጥረጊያ ጭረት የመሰሉ መስመሮች ሱናጋሺ ናቸው። ከነሱ መሃል አንዱ ጥቁር ሆኖ የሚያበራ፣ አጭርና ጥርት ያለ ክር ከሆነ ኪንሱጂ ነው፤ ከተሰበረና ከተጠማዘዘ ኢናዙማ፣ መብረቅ፣ ይባላል። ኪንሱጂ በአንድ ማዕዘን ብቻ ስለሚበራ ካያችሁት ቦታ ላይ ስለቱን ያዙና ግራ ቀኝ በስሱ አወዛውዙት። ጭረት ከሆነ ከብዙ ማዕዘን ይታያል፤ ላዩ ላይ ስለሆነም ሃዳውን አቋርጦ ይሄዳል። ኪንሱጂ ግን የብረቱን እጥፋት ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የሃሞኑን አጠቃላይ ቅርጽ መሰየም ቀላሉ ክፍል ነው፦ ቀጥተኛው ሱጉሃ፣ ተከታታይ ግማሽ ክብ የሚሠራው ጉኖሜ፣ የረጋ ማዕበሉ ኖታሬ፣ የቅርንፉድ እንቡጥ የመሰለው ቾጂ። የሚኖው አንጥረኛ ካኔሞቶ ሦስት ዝግባ በመሰለው ሳንቦንሱጊ ይታወቃል፤ የኦሳካው ሱኬሂሮ በባሕር ማዕበሉ ቶራንባ።

ጫፉ ላይ ሃሞኑ ቦሺ ይባላል። ዞሮ ወደ ጀርባው መመለሱን ወይም ቀጥ ብሎ መውጣቱን እዩ። ድንበሩ ከጫፉ ዳር ወጥቶ ከጠፋና ጫፉ ላይ ጠንካራ ብረት ከሌለ፣ ጫፉ ተሰብሮ ዳግም ተቀርጿል ማለት ነው። ያ ከባድ ጉድለት ነው፤ በመሳል አይድንም።

ገላው፦ ሃዳ

ለገላው ማዕዘኑን ቀይሩ። አምፖሉን ከራስ በላይ አድርጉ ወይም ወደ መስኮት ብርሃን ሂዱ፤ ስለቱን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አቅርባችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። የተጠረበ ሳንቃ የመሰለው ኢታሜ በብዛት የሚታየው ነው። የእንጨት አንጓ የመሰለ ክብ ያለበት ሞኩሜ፣ ቀጥታ የሚሄደው ማሳሜ ነው፤ ማሳሜ በያማቶው ሆሾ ትምህርት ቤት ይገናል። ጋሳን የሚባሉት አንጥረኞች ሞገድ የመሰለውን አያሱጊ ይሠራሉ፤ የሂዘን ጎራዴዎች ደግሞ የሩዝ ፉርሽካ ዱቄት በመሰለ እጅግ ደቃቅ ሃዳ ይለያሉ። ከሺኖጊው፣ ማለትም በገላው ላይ በርዝመቱ ከሚሄደው ሸንተረር፣ ወደ ጀርባ ያለው ገላ በብረት ዘንግ ተፍቆ ስለሚያብረቀርቅ እዚያ ሃዳ አትፈልጉ።

በገላው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚያበራ ክር ካያችሁ ቺኬይ ነው፤ የኪንሱጂ ወንድም፣ ከድንበሩ ማዶ የሚኖር። ከሁሉ አስቸጋሪው ኡትሱሪ ነው፦ ከሃሞኑ በላይ እንደ ትንፋሽ የሚታይ ነጭ ጥላ። በቀጥታ መብራት ይጠፋል። ጠብታውን ወደ ዳሩ ገፋ አድርጋችሁ በጠበበ ማዕዘን በጥላው ውስጥ ያለውን ገላ እዩ። በሃሞኑና በኡትሱሪው መሃል ጠቆር ያለ ቀበቶ ከታየ አግኝታችሁታል። የካማኩራ ዘመን ቢዘን ላይ የተበጣጠሰ ኡትሱሪ፣ በኦኤይ ዘመን (1394–1428) ቢዘን ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ ይታያል።

የሚገድሉና የማይገድሉ ጉድለቶች

አሁን አጉሊ መነጽሩ ይነሣ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ሃጊሪ ፈልጉ፦ ከዳሩ ተነሥቶ ወደ ሃሞኑ በቀጥታ የሚገባ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ። ዳሩን አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር ሂዱበት። የተጠረጠረውን ቦታ በሌላው ወገን ትክክል በዚያው ነጥብ ላይ አረጋግጡ፤ በሁለቱም ወገን ካለና ዳሩን ካቋረጠ ጭረት አይደለም። አንድ ከተገኘ ሌሎችም ሊኖሩ ስለሚችሉ አታቁሙ። ሃጊሪ ያለው ስለት እንደ ጎራዴ አልቆለታል።

ፉኩሬ በንብርብሩ መሃል ያበጠ አረፋ ነው፤ ሲከፈት ጉድጓድ ይሆናል። ደብዛዛ፣ ሃዳ የሌለው ግራጫ ቦታ በገላው ላይ ከታየ ሺንጋኔ፣ የውስጡ ለስላሳ ብረት፣ ብቅ ብሏል፤ ስለቱ ብዙ ተስሎ ደክሟል ማለት ነው። ዙሪያው ቀጥ ያለ፣ ሃዳው ከጎረቤቱ ጋር የማይገናኝ ትንሽ ቁራጭ የተለበጠ ብረት ሊሆን ይችላል። በጀርባው ላይ የሌላ ጎራዴ ምት ካለ ግን አትዘኑ፤ የውጊያ ጠባሳ እንደ ክብር ይታያል።

ከስለቱ እርከን አጠገብ በግምት 45 ዲግሪ ወደ ላይ የሚወጣ ነጭ ጥላ ሚዙካጌ ነው። ብዙ ጊዜ እሳት ያገኘውና ዳግም የተነከረ ስለት ምልክት ነው። ግን ቸኩላችሁ አትፍረዱ፤ በአንጥረኛው በሆሪካዋ ኩኒሂሮ ሥራዎች ላይ ከመጀመሪያውም ይገኛል። ዳግም ተነክሯል ለማለት ሚዙካጌው ከደበዘዘ ድንበርና ከደረቀ ገላ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ሐሰተኛ ሃሞን በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የሚሠራ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ከየትኛውም ማዕዘን አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል፣ ቅንጣት የለውም፣ አምፖሉ ሲጠጋው አይበራም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዘይት የተነከሩ የጦር ጎራዴዎች እውነተኛ ድንበር ቢኖራቸውም በውስጡ እንቅስቃሴ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በናካጎው ላይ የሾዋ ወይም የሴኪ ትንሽ ማኅተም ይፈለግ።

ናካጎው፣ ከዚያም መመለስ

የናካጎው ዝገት የዕድሜው ምስክር ነው። አትፈቅፍቁት፣ ዘይት አትድፉበት፣ በኬሚካል አታጥቡት፤ የጸዳ ናካጎ የጎራዴውን ዋጋ ይዞ ይወርዳል። የችንካር ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ስለቱ አጥሮ ሊሆን ይችላል። የሞረዱን ጭረት አቅጣጫና የአንጥረኛውን ፊርማ ጠርዝ በጎን ብርሃን እዩ። ከዝገቱ በላይ የተቆረጠ የሚመስል፣ ውስጡ ነጣ ያለ ፊርማ ዘግይቶ የተጨመረ ነው።

ሲያልቅ ያያችሁትን በወረቀት ሳሉ፦ የስለቱን ቅርጽ በእርሳስ አስምሩና ሃሞኑን፣ እግሮቹን፣ የቦሺውን መመለሻ በቦታቸው አስቀምጡ። ጃፓኖቹ ይህን ኦሺጋታ ይሉታል። እርሳሱ ሲያመነታ ያላያችሁት ቦታ እዚያ ነው፤ ወደ አምፖሉ ተመለሱና እዩት። ከዚያ የጎራዴ ዘይት በወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ አድርጋችሁ ከሥር ወደ ጫፍ በስሱ ቀቡ። የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል፤ አፎቱ ውስጥ ተጠራቅሞ አቧራ ይይዛል። ዳሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ጀርባው እየተንሸራተተ ይግባ።